ኳሱ ስንት ገባ?

ማክሰኝት ላይ አዲስ ኳስ ሲገዛ ዋጋው ከኳሱ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ «ስንት ገባ?» ይባላል፤ መልሱ ከተሰማ በኋላ የሚመታው ምት ሁሉ በዚያው ልክ ይመዘናል። ውድ ነው ከተባለ፣ ከአግዳሚው በላይ የሄደው ኳስ «ለትንሽ!» ይባልለታል። ርካሽ ነው ከተባለ ያው ምት የኳሱ ጥፋት ይሆናል። አንዱ ወገን ውድ ኳስ ያየህበት ይሄዳል ይላል፤ ሌላው ጎል የሚያገባው እግር እንጂ ብር አይደለም ብሎ ይሞግታል። ክርክሩ ዲኤስቲቪ ቤት በእረፍት ሰዓት ይነሳል፣ ሊስትሮው ዘንድ ይቀጥላል፣ ሻይ ቤት ያድራል። ሁለቱም ወገን ምስክር አጥቶ ስለማያውቅ እስከ ዛሬ ፍርድ አልተሰጠበትም።

ለመፍረድ መጀመሪያ ሜዳውን ማየት ይገባል። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው በብዛት ዋልካ ነው። ዋልካ ለሽምብራና ለጤፍ ደግ ነው፤ ለኳስ ግን ጠላት ነው። ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል። በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጠቅና፣ ቀጥ ብሎ ሲንከባለል የቆየ ኳስ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ድንገት ሐሳቡን ይቀይራል። ሽምብራው ተነቅሎ ማሳው ሲለቀቅ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ለቋሚ አድርገው ይገቡበታል። ከማሳው ዳር ግራር አለ፤ ከግራሩ ሥር እሾህ አለ። ለንደን ላይ ኳስ የሚሞተው በእርጅና ነው። እዚህ በወጣትነቱ ይቀጫል።

የዋጋው መሰላል ከታች የሚጀምረው ከጨርቅ ኳስ ነው። ያረጀ ካልሲ ይገኛል፤ ቁርጥራጭ ጨርቅና ስፖንጅ ይጠቀጠቅበታል፤ ፌስታል ይጠቀለልበታል፤ ከላይ በሲባጎ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ካልሲው የማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ዋጋው ዜሮ ነው። ይህ ኳስ አየር ስለሌለው አይተነፍስም፣ እሾህ ቢወጋው ግድ የለውም፣ መስኮት ቢመታ አይሰብርም፣ ቁልቁለት ላይ ቢለቀቅ ሩቅ አይሮጥም። ጉድለቱ አለመንጠሩ ነው። በጨርቅ ኳስ ያደገ ልጅ ቴስታ ለመምታት አጋጣሚ የለውም፤ ሁሉም ነገር መሬት ላይ፣ እግር ለእግር ነው። የኢትዮጵያ ተጫዋች አጭር ቅብብል ይወዳል እየተባለ ሲተነተን የካልሲው ድርሻ ተረስቶ መቅረቱ አግባብ አይመስልም።

ከዚያ በላይ የፕላስቲክ ኳስ አለ፤ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ከሁለቱም ቡድን ይልቅ ይጫወትበታል። ከፍ ሲል የተሰፋው ኳስ ይመጣል፤ ባለ 32 ቁራጭ፣ 20ው ባለ ስድስት ጎን፣ 12ቱ ባለ አምስት ጎን። ጫፉ ላይ ደግሞ የዓለም ዋንጫ ሥዕል የታተመበት ተሰቅሏል። ባለሱቁ «ይሄ ኦርጅናል ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዋጋው ሲከብድ «ኦርጅናል ኮፒ ነው» ብሎ ያሻሽለዋል።

ሕጉ ስለ ብር አንድም ቃል የለውም። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 2 ኳሱ ክብ ይሁን፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ክብደቱ ጨዋታው ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም ይሁን፣ የአየር ግፊቱ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይሁን ይላል። ፊፋ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኳሶችን በቤተ ሙከራ እየፈተነ ማኅተም መስጠት ጀመረ። ከፍተኛውን ማኅተም የሚፈልግ ኳስ የሚደርስበትን መከራ ለማክሰኝት ልጅ ቢነግሩት ያዝንለታል። በማሽን እየተወነጨፈ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2,000 ጊዜ ከብረት ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ቅርጹን መጠበቁ ይታያል። ውኃ ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ 250 ጊዜ ይጨመቃል፤ ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ወደቀ። ከ2 ሜትር ከፍታ ብረት ላይ ይለቀቃል፤ ተመልሶ የሚነጥረው ከ135 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ተነፍቶ ለሦስት ቀን ይቀመጥና ያጣው አየር ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይለካል። ክብነቱ ብቻ በ4,500 ነጥብ ይታያል።

በዚህ ፈተና ርካሹ ኳስ የት ላይ እንደሚወድቅ ለመገመት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ርካሽ ኳስ መጀመሪያ የሚያጣው ክብነቱን ነው። ቁራጮቹ እኩል ስላልተቆረጡ ወይም ስፌቱ በአንድ በኩል ስለተሳበ ጥቂት ሳምንት እንደተመታ ጎኑ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሲንከባለል አካሄዱ እንቁላል ነው። ሁለተኛው ልብሱ ነው። የርካሹ ፒቪሲ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ጠዋት በብርድ በባዶ እግር የመታው ልጅ እስከ ማታ አይረሳውም። የውዱ ፖሊዩሬታን ይባላል፣ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩም ስፖንጅ አለው። ሦስተኛው ስፌቱ ነው፤ ክሩ ከላላ ውኃ ይገባል፣ ከመነዳሪውም በቀዳዳው እያበጠ ብቅ ይላል።

ስለ ከመነዳሪው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከተፈጥሮ ላቴክስ የተሠራው ይለሰልሳል፣ ሲመታም ደስ ይላል፣ ስለዚህም ጥሩ የሚባሉ ኳሶች ውስጥ ሲገባ ኖሯል። አየር መያዝ ላይ ግን ቡቲል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ይበልጠዋል። ላቴክሱ ቶሎ ቶሎ መነፋት ይፈልጋል። መንፊያ በሰፈሩ አንድ ብቻ በሆነበት አገር ይህ ቅንጦት ነው።

ዋጋውን በዶላር ለማየት፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኳታር ላይ የተጫወቱበት የአዲዳሱ አል ሪህላ 165 ዶላር ይሸጥ ነበር። ያንኑ ሥዕል የለበሰው፣ በማሽን የተሰፋው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ 20 ዶላር ገደማ። ሁለቱን ቴሌቪዥን ላይ ቢያሳዩት የሚለይ አይኖርም። እውነተኛው ቁራጮቹ በሙቀት ተጣብቀው የተገጠሙለት ነው፣ ክር የለውም፣ ውኃ አይጠጣም። ልዩነቱ ውሸት አይደለም። ስምንት እጥፍ የሚያስከፍል ልዩነት ነው ወይ ከተባለ ግን የሚመልሰው የሚከፍለው ሰው ነው።

ውድ ሁሉ መልካም ነው በሚል ወገን ላይ ሁልጊዜ የሚጠራበት ምስክር ጃቡላኒ ነው። ለ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ የተሠራ፣ ስምንት ቁራጭ ብቻ ያለው፣ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ ክብ ነው ተብሎ የተወራለት ኳስ ነበር። በረኞች ገና ሳይጀመር አለቀሱበት። የብራዚሉ ጁሊዮ ሴዛር ከሱፐርማርኬት ከሚገዛ ኳስ ጋር አመሳሰለው። ሚሊዮኖች የፈሰሱበት ኳስ በዓለም ምርጥ በሚባል በረኛ አፍ «የሱቅ ኳስ» ተብሎ ተሰደበ ማለት ነው። ለርካሽ ወገን ከዚህ የበለጠ ድል አልመጣም።

ስድቡ ከንዴት ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ኳሱን ፈትሸው በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲበር መንገድ ላይ እንደሚወላገድ አሳዩ። ምክንያቱ ስፌቱ ነው። የስፌት ሻካራነት ኳሱን ታክኮ የሚያልፈውን አየር ያናውጠዋል፤ የተናወጠ አየር ኳሱን ቶሎ አይለቀውም፣ ተጠግቶት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኳሱ ሲለሰልስ አየሩ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ቀድሞ ይለቀዋል። ሳይሽከረከር የተመታ ከሆነ በረኛው ወደ አንዱ ጥግ ሲዘል ኳሱ ወደ ሌላው ይታጠፋል። የጃቡላኒ መጋጠሚያ ተደማምሮ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። አዲዳስ ከአራት ዓመት በኋላ ለብራዚል ብራዙካን ሲሠራ ቁራጩን ወደ ስድስት ዝቅ ቢያደርግም መጋጠሚያውን አርዝሞና አጥልቆ ከ3 ሜትር በላይ አደረሰው፤ ለቅሶውም ቆመ። ባለ 32 ቁራጩ የድሮ ኳስ ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ስፌት አለው። እንግዲህ ማክሰኝት ሱቅ የተንጠለጠለው የተሰፋ ኳስ፣ በትክክል ክብ ከሆነ፣ በስፌት ርዝመት ጃቡላኒን እጥፍ ያስከነዳዋል። «ከሆነ» የምትለው ቃል ላይ ነው ችግሩ።

ከፍታም አለ። ማክሰኝት ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚያ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሱን ብዙ አይይዘውም፣ ብዙም አያጣምመውም። ስለዚህ ቅጣት ምት ጠምዝዞ ሊያገባ የሞከረ ልጅ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሲሄድበት ዋጋውን ከመራገሙ በፊት ከፍታውን ቢከስ ይሻለዋል። ግፊቱም እንዲሁ ነው። መተማ ቆላ ላይ በልኩ የተነፋ ኳስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ደጋ ሲወጣ ይጠነክራል፤ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደው ይለሰልሳል። የውጪው አየር ሲሳሳ የውስጡ ይበረታልና ነው።

እዚህ ላይ ጎሚስታውን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የማክሰኝት ኳስ ባሕርይ የሚወሰነው ፋብሪካው ላይ ሳይሆን እሱ ዘንድ ነው። ልጆቹ ኳሱን ታቅፈው ይመጣሉ፤ ባጃጁ ይቀድማል፣ አይሱዙው ይቀድማል፣ እነሱ ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ መርፌው ይፈለጋል፤ ያለ መርፌ ኳስ አይነፋም፣ መርፌው ደግሞ ሁልጊዜ ትናንት የተዋሰው ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። ከተገኘ በኋላ ጎሚስታው በምራቁ አርሶ ቀስ አድርጎ ያስገባዋል፤ ደረቁን ከገፋው የኳሱ አፍ ተቀዶ ነገሩ ያከትማል። ኮምፕሬሰሩ ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው። እጀታው ለአፍታ ይጨመቅና ኳሱ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጨምርልን።»

«ይበቃዋል ልጄ፣ ይተረተራል።»

«ትንሽዬ ብቻ።»

አውራ ጣቱን ይጭንበታል፤ የአካባቢው የአየር መለኪያ አውራ ጣት ነው። ይጨምርላቸዋል። ኳሱ ድንጋይ ሆኖ ይመለሳል፤ ሲነጥርም ከልጆቹ ራስ በላይ ያልፋል። በማግስቱ «ይሄ ኳስ ርካሽ ስለሆነ አይያዝም» የሚል አቤቱታ ይሰማል። አንድ ሦስተኛ አየር ቢቀነስለት የሁለት መቶ ብሩ ኳስ የሺህ ብር ጠባይ ያሳይ ነበር ብሎ መናገር ይቻላል፤ ሰሚ ግን የለም፣ ምክንያቱም አየር ማስቀነስ ገንዘብ እንደ ማስመለስ አይቆጠርም።

ውድ ኳስ ጨዋታን ይለውጣል የሚሉት ሰዎች ፈጽሞ የማይረቱበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱም ባለኳሱ ነው። የጨርቅ ኳስ ባለቤት የለውም። የፕላስቲኩ ባለቤት አለው፤ ሥልጣኑ ግን ውስን ነው። ባለ ሥዕሉ ኳስ ሲመጣ ግን ባለኳሱ አምበል ነው፣ አሰልጣኝ ነው፣ ዳኛም ነው። አይቀየርም። ሪጎሬ የሚመታው እሱ ነው፤ ከሳተ በረኛው ቀድሞ ተንቀሳቅሷል ተብሎ ይደገማል። ጨዋታው የሚያልቀው 90 ደቂቃ ሲሞላ ሳይሆን ቡድኑ ሲመራ ወይም እናቱ ስትጠራው ነው። ተከላካዩም ኳሱን እንደ ልቡ አያወጣውም፤ አስፋልት ገብቶ አይሱዙ ጎማ ሥር ቢፈነዳ የሚከፍለው ማን ነው? ስለዚህ ይጠልዝ የነበረው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያቀብላል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከዳር ሆነው «ልጆቹ ተሻሽለዋል» ይላሉ። መሻሻሉን ያመጣው ፖሊዩሬታኑ አይደለም፣ ዋጋው ነው።

የማን ኳስ ነው የሚለው ጠብ ሰፈር ብቻ አልቀረም። በ1930 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሞንቴቪዴዮ ላይ ሲደረግ ኡራጓይና አርጀንቲና በማን ኳስ እንጫወት ብለው ሳይስማሙ ቀሩ። በመጨረሻ የመጀመሪያው አጋማሽ በአርጀንቲና፣ ሁለተኛው በኡራጓይ ኳስ እንዲሆን ተወሰነ። አርጀንቲና በራሷ ኳስ 2 ለ 1 መርታ ወጣች። ኡራጓይ የራሷን ኳስ ስታገኝ ሦስት አግብታ 4 ለ 2 አሸነፈች። ማክሰኝት ላይ ይህ ታሪክ ሲነገር ማንም አይገረምም፤ ባለኳሱ መርታቱ ያለ ነው።

የያኔው ኳስ ቆዳ ነበር። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳም ዘመኑ የቆዳ ኳስ ዘመን ነበር። ቆዳ ዝናብ ሲነካው ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ በቴስታ የመታው ያውቀዋል። የዓለም ዋንጫ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰው ሠራሽ ኳስ የዞረው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ላይ ነው። በውኃው ፈተና ብቻ ከሆነ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ኳስ ያንን ዋንጫ ያነሱትን የእነ መንግሥቱ ወርቁን ዘመን ምርጥ ኳስ ያሸንፋል። የእነ መንግሥቱ ወርቁን ዓይነት ጎል ማግባቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የዛሬው ውድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል። ኳታር ላይ የተጫወቱበት አል ሪህላ ውስጡ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ ነበረው፤ ከኡራጓይ ጋር በነበረው ጨዋታ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በቴስታ ነካሁት ያለውን ኳስ ያልነካው መሆኑ የታወቀው በዚያ ነው፤ ጎሉ ለብሩኖ ፈርናንዴዝ ተመዘገበ። ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር ቢገኝ ስንት ጠብ ይበርድ ነበር። ችግሩ ኳሱ ቻርጅ መደረጉ ነው። ማክሰኝት መብራት በሄደ ቁጥር ጨዋታው «ኳሱ አልሞላም» ተብሎ ሊተላለፍ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሜዳ ያሰቡ ሰዎች አልጠፉም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ የተባለ ድርጅት በአገር ቤት ቆዳ፣ በእጅ የተሰፉ ኳሶች ይሠራል፤ የአፍሪካን ጠጠር ሜዳ እንዲችሉና ሲቀደዱ እንዲጠገኑ ታስቦ ነው። ዋን ወርልድ ፉትቦል የሚባለው ኳስ ደግሞ ጭራሽ አየር አይነፋበትም፤ በእሾህ ቢወጋ፣ መኪና ቢሄድበት ተመልሶ ክብ ይሆናል። አነጣጠሩ ከተነፋው ጋር አንድ አይደለም፤ በማክሰኝት መለኪያ ግን ከጨርቁ ኳስ የወረሰውን ጥሩ ጠባይ ይዞ የጨርቁን ጉድለት አሻሽሏል ማለት ነው። ኢትዮጵያ የቆዳ አገር ሆና ልጆቿ የኳስ ልብስ ከሩቅ ምሥራቅ መጠበቃቸው የሚያስቆጭ ነው፤ ይህን የሚሰማ ቆዳ ነጋዴ ካለ ሐሳቡ በነፃ ነው።

ኳሱ ሲቀደድ ጫማ ሰፊው አለ። ወስፌውን በተከፈተው ስፌት አስገብቶ፣ በሰም የታሸ ክር ስቦ፣ ከመነዳሪው ላይ ልጥፍ በማስቲሽ ለጥፎ ይመልሰዋል። በሙቀት የተጣበቀውን የውዱን ኳስ ቢያመጡለት ግን አገላብጦ ያየውና ይመልስላቸዋል፤ የሚይዝለት ክር የለውም። የተሰፋው ኳስ በዚህች ብቻ እንኳ ዘመኑን ያረዝማል።

ስለዚህ የማክሰኝት ልጆች መዋጮ ሰብስበው ወደ ሱቅ ሲሄዱ የሚያዋጣቸው መሐለኛው ነው፤ በእጅ የተሰፋ፣ ቡቲል ከመነዳሪ ያለው፣ ከተቻለም የፊፋ ማኅተም ያለበት። ማኅተሙ ውድ ኳስ ላይ ብቻ አይደለም የሚገኘው፤ ደረጃው ሦስት ነው፣ ዝቅተኛው ማኅተም ያለበት ኳስ ከላይኛው በብዙ ይረክሳል። ማኅተሙ ራሱ ፎርጅድ ነው ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ መፈተን አለባቸው። ትልቁ ልጅ ክር አውጥቶ ዙሪያውን ይለካል። ሌላው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሲሚንቶ ላይ ይለቀዋል፤ ደረቱ አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ባልዲ ውኃ ይለምንና ኳሱን አንሳፍፎ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች ከዞረ ሚዛኑ የተዛባ ነው። አራተኛው ስፌቱን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል።

ባለሱቁ ይህን ሁሉ እጁን አጣምሮ ሲያይ ቆይቶ፣ ባልዲው ሲመጣ ትዕግሥቱ ያልቃል።

«ኳስ ልትገዙ ነው የመጣችሁ ወይስ ልጅ ልትድሩ?»

«ጋሼ፣ መልሰን እናደርቀዋለን።»

«እሽ፣ አድርቁት። የደረቀው ግን ዋጋው ያው ነው።»